ከቅብ በፊት ሚዛን፦ በዱቄት በተቀቡ የሞተር ክፍሎች ውስጥ ስለሚቀር የሳንድብላስት ቅሪት

የታደሰ ሞተር ከጋራዥ ሲወጣ ከሁሉ በፊት ዓይን የሚስበው ቀለሙ ነው። የቴስታታው ክዳን ያብረቀርቃል፤ የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል፤ ዓመታት ያጠቆሩት አሉሚኒየም ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ይህን ውበት የሚያስገኙት ሁለት ተከታታይ ሥራዎች ናቸው። በመጀመሪያው በሳንድብላስት፣ ማለትም በታመቀ አየር ኃይል በሚወረወሩ ጠጣር ቅንጣቶች፣ የክፍሉ ዝገትና አሮጌ ቀለም ይገፈፋል። በሁለተኛው የኤሌክትሪክ ሙል የተሰጠው ደረቅ የቀለም ዱቄት ይረጭበትና በምድጃ ውስጥ ቀልጦ ይጠነክራል። በሙያው ቋንቋ ፓውደር ኮቲንግ የሚባለው፣ በዚህ ጽሑፍ «የዱቄት ቅብ» የምንለው፣ ይህ ነው።

በሁለቱ ሥራዎች መካከል ግን ብዙ ጊዜ በዋጋ ዝርዝር ላይ የማይሰፍር ሦስተኛ ሥራ አለ፤ በክፍሉ ጓዳና ጉድጓድ የተሸሸጉትን ቅንጣቶች ማውጣት። ይህ ሥራ በልማድ ለመጨረሻው ሰው ይተዋል። ቅቡ ካለቀ በኋላ ጥቂት አየር ይነፋበታል፤ በናፍጣ ይለቀለቃል፤ ይገጠማል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው የሚል ነው። ንጽሕና ከቅብ በፊት ሊረጋገጥ ይገባል፤ ማረጋገጫውም የሚዛን ንባብ እንጂ የዓይን ምስክርነት ሊሆን አይችልም። ሊከፈትና ሊታጠብ የማይችል ክፍል ደግሞ ከጅምሩ ወደ ሳንድብላስት ሳጥን መግባት የለበትም።

ቅንጣቱና መደበቂያው

ስሙ አሸዋን ይጥራ እንጂ ለዚህ ሥራ የሚውለው ቁስ ብዙ ዓይነት ነው። ለአሉሚኒየም የሞተር ክፍሎች በብዛት የሚመረጡት የመስታወት ዶቃና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት ናቸው። በሞስ የጥንካሬ መለኪያ የመስታወቱ ከ5.5 እስከ 6 ሲሆን የአሉሚኒየም ኦክሳይዱ 9 ነው፤ በመለኪያው ከበላዩ ያለው አልማዝ ብቻ ነው። የመስታወት ዶቃ ክብ በመሆኑ ጉዳተ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከብረት ጋር በተጋጨ ቁጥር ይሰበራል፤ ስባሪውም ስለታም ነው።

መደበቂያዎቹ የታወቁ ናቸው። መውጫ የሌላቸው የብሎን ቀዳዳዎች ቅንጣቱን በጥርሳቸው መካከል ያግታሉ። የቴስታታ ክዳን ዘይት ወደ መተንፈሻው እንዳይወጣ የሚከላከል ቆርቆሮ በውስጡ አለው፤ ቆርቆሮው በሪቬት ወይም በብየዳ የተያያዘ ከሆነ ከኋላው ያለው ክፍተት ከውጭ አይታይም፣ ብሩሽም አይደርስበትም። በአሸዋ ቅርጽ የተቀዳ ማኒፎልድ ውስጠኛ ገጹ ሸካራ ስለሆነ ለደቃቁ ስባሪ ሺህ ትንንሽ ጎጆ ይሆንለታል። በዘይት መተላለፊያዎች ጫፍ የተመቱ የብረት መዝጊያዎች ዙሪያም እንዲሁ ነው። ቀዳዳን ለመከለል የሚገባው የጎማ ውታፍ እንኳ በከንፈሩ ዙሪያ ቅንጣት ሰብስቦ ይቆይና ሲነቀል ይዞት የነበረውን ወደ ውስጥ ያራግፋል።

የቅሪቱን መጠን አቅልሎ ማየት ቀላል ነው። የመስታወት እፍጋት በኩቢክ ሴንቲሜትር 2.5 ግራም ገደማ ነው። ከዚህ ተነሥተን 50 ማይክሮሜትር ስፋት ያላቸውን ዶቃዎች ብናሰላ፣ አንድ ሚሊግራም ብቻ ከ6,000 በላይ ዶቃዎችን ይይዛል። በጣት ጫፍ ቢነካ የማይታወቅ ትቢያ፣ በሞተር ውስጥ ግን የሺዎች ሠራዊት ነው።

ዓይንም በዚህ ነገር ታማኝ ዳኛ አይደለም። ከ50 ማይክሮሜትር በታች የሆነ ቅንጣት ያለ አጉሊ መነጽር በቀላሉ አይለይም። ከዚህ የከፋው ደግሞ የመስታወት ጠባይ ነው። የመስታወት የብርሃን ስብረት ቁጥር ወደ 1.5፣ የማዕድን ዘይት ደግሞ ወደ 1.47 ስለሆነ፣ በዘይት የራሰ ዶቃ ብርሃንን ከዘይቱ ለይቶ አያጥፍም፤ ከዓይን ይሰወራል። በዘይት ወይም በናፍጣ የረጠበ ክፍል «ንጹሕ ነው» ተብሎ የሚመሰከርለት ቅሪቱ እጅግ በማይታይበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

«ማጣሪያው ይይዘዋል» ስለሚለው ክርክር

ይህን ስጋት የሚያቃልሉ ባለሙያዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ አለ፤ ሞተር የዘይት ማጣሪያ አለው፣ የተረፈችውን ማጣሪያው ይይዛታል የሚል ነው። መከራከሪያው ከሦስት አቅጣጫ ይፈርሳል።

አንደኛ፣ ከቴስታታ ክዳን ወይም ከታይሚንግ ክዳን የሚረግፈው ቅንጣት ወደ ዘይት ቋቱ ይወርዳል። ከቋቱ ዘይት የሚስበው ፓምፕ በፊቱ ያለው ወንፊት ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው ነው፤ ደቃቁን ያሳልፋል። ስለዚህ ቅንጣቱ ማጣሪያው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በፓምፑ ጥርሶች መካከል ያልፋል። ሁለተኛ፣ ማጣሪያው ማለፊያ ቫልቭ አለው። ዘይቱ ቀዝቅዞ ሲወፍር ወይም ማጣሪያው ሲደፈን ቫልቩ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል፤ ሞተር ዘይት ከሚያጣ ያልተጣራ ዘይት ቢያገኝ ይሻለዋልና። አዲስ የታደሰ ሞተር በመጀመሪያው ቀዝቃዛ ጠዋት ሲነሣ ቅሪቱ ከፍተኛ፣ ዘይቱም ወፍራም የሚሆነው በአንድ ሰዓት ነው። ሦስተኛ፣ ከማጣሪያው በኋላ ባለ መተላለፊያ ውስጥ የቀረ ቅንጣት ማጣሪያውን ከቶ አያየውም፤ ጉዞው በቀጥታ ወደ ተሸካሚዎቹ ነው።

መካኒኮቻችን ብሮንዚን የሚሏቸው ስስ የተሸካሚ ቅርፊቶች ለስላሳ ገጽ የተሰጣቸው ደቃቅ ቆሻሻ ሰጥሞባቸው ዘንጉን እንዳይጎዳ ነው። ችሎታቸው ግን ገደብ አለው። በዘንጉና በቅርፊቱ መካከል ያለው ክፍተት በአነስተኛ ሞተሮች በአስር ማይክሮሜትሮች የሚቆጠር ሲሆን፣ በጭነት ጊዜ የዘይቱ ንብርብር ወደ ጥቂት ማይክሮሜትር ይሳሳል። ከለስላሳው ንብርብር ውፍረት የሚበልጥ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት ግማሽ አካሉ ሰጥሞ ግማሹ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ቅርፊቱ ተሸካሚ መሆኑ ቀርቶ ዘንጉን የሚሞርድ ሞረድ ይሆናል።

የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይከፋል። ማኒፎልዱ የሚገኘው ከአየር ማጣሪያው በኋላ ነው። ከእርሱ የሚላቀቅ ቅንጣት በመንገዱ የሚያግደው ነገር ሳይኖር ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ፋሻ በሚባሉት የፒስተን ቀለበቶችና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ይፈጫል። በአንጻሩ የውጭ ደጋፊ ብረቶች፣ የፑሊ ሽፋኖችና የመሳሰሉት ዘይትም የሚቃጠል አየርም የማያልፍባቸው በመሆናቸው ስጋታቸው አነስተኛ ነው። ስለዚህ «የሞተር ክፍል» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ራሱ ያሳስታል፤ አደጋው የሚለካው ክፍሉ ከየትኛው ማጣሪያ በፊት ወይም በኋላ እንደሚገኝ በማየት ነው።

ቅቡ የሚነጥቀን መሣሪያ

ቅሪቱን ከቅብ በኋላ ማጽዳት ለምን ይከብዳል? መልሱ ከሙቀትና ከኬሚስትሪ ይገኛል።

የዱቄት ቅብ በተለምዶ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ይጠነክራል። በዚህ ሙቀት በአሉሚኒየሙ ቀዳዳዎች ውስጥ ለዓመታት የሰረገ ዘይት ወደ ገጽ ይወጣል፤ በአካባቢው ያሉትን ቅንጣቶች ያርሳል፤ ከዚያም ደርቆ እንደ ሙጫ ያጣብቃቸዋል። ወደ ቀዳዳ አፍ የገባው የቀለም ዱቄትም ይቀልጥና ቅንጣቶቹን ከላይ ይሸፍናቸዋል። በአየር ግፊት ሊወጣ ይችል የነበረው ትቢያ ከምድጃው በኋላ የታሰረ ትቢያ ይሆናል። እስራቱ ግን ዘላቂ አይደለም፤ የሞተር ንዝረት፣ ትኩስ ዘይትና የብሎን መጥበቅ ቀስ በቀስ ይፈቱታል።

የሙቀት መስፋፋትም የራሱ ድርሻ አለው። አሉሚኒየም በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ከርዝመቱ 23 ሚሊዮንኛ ያህል ሲሰፋ ብረት 12 ሚሊዮንኛ ያህል ይሰፋል። በአሉሚኒየም አካል ውስጥ የተመታ 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን የብረት መዝጊያ እንውሰድ። ሙቀቱ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ከፍ ሲል በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው የስፋት ልዩነት 9 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ «ጨርሷል» የተባለ ክፍል በሚሠራ ሞተር ላይ እንደገና ቅንጣት የሚያራግፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ተጣብቆ የነበረው ደቃቅ ስባሪ መንገድ ይከፈትለታል።

ኬሚካሉን በተመለከተ፣ ያልተቀባ ክፍል ብርቱ ማሟሟያን ይችላል፤ የተቀባው ግን አይችልም። ሜቲሊን ክሎራይድ ቅቡን ይገፋል፤ አሴቶንና መሰሎቹ የፖሊስተር ቅብን ያለሰልሳሉ፣ ወዙንም ያጠፋሉ። ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ቅቡ ባልሸፈነው ስፍራ አሉሚኒየሙን ራሱን ይበላዋል። ብረት ብሩሽና መፋቂያ ቅቡን ይጭራሉ። ለጽዳት ብርቱ መሣሪያ የሚያስፈልገን ቅሪቱ በተጣበቀበት ሰዓት ሆኖ ሳለ፣ መሣሪያውን የምናጣው በዚያው ሰዓት ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው አነጋገር ለዚህ ሥራ የተነገረ ያህል ይስማማል።

የተቀባው ክፍል እጃችን ላይ ከሆነስ?

አቋሙ እንዳለ ሆኖ፣ ቅሪት ይዞ የተቀባ ክፍል ለባለሙያ መቅረቡ አይቀርም። ለዚህ ጊዜ የሚሻለው አሠራር ከደረቅ ወደ እርጥብ፣ ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ የሚሄድ ነው።

በመጀመሪያ የሚከፈተው ሁሉ ይከፈታል፤ መዝጊያዎች ይወጣሉ፣ በሪቬት የተያዘ ቆርቆሮም ይነሣል። ቀጥሎ ክፍሉ ገና ደረቅ ሳለ እየተገላበጠ በጎማ መዶሻ ቀስ ተደርጎ ይመታል፤ በታመቀ አየርም ይነፋል። ደረቁ የሚቀድምበት ምክንያት አለው፤ የረጠበ ደቃቅ ቅንጣት እንደ ጭቃ ተጠቅጥቆ በቀዳዳ ግርጌ ይቀመጣል። ንፋቱ አየር መምጫ ባለው ዝግ ሳጥን ውስጥ መሆን ይኖርበታል፤ ሠራተኛውም ተገቢ የመተንፈሻ መከላከያ ማድረግ አለበት። በተለይ ቁሱ ተራ አሸዋ ከነበረ ትቢያው ነጻ ሲሊካ ስለሚይዝ ሲሊኮሲስ ለተባለው የማይድን የሳንባ በሽታ ያጋልጣል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣችው ደንብ ነጻ ሲሊካ ያለበትን አሸዋ ለዚህ ዓይነት ሥራ መጠቀምን የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ ሙቅ ውኃና ገለልተኛ ማጽጃ ይከተላሉ፤ ብሩሹም ከናይሎን የተሠራና ለየቀዳዳው ልክ የሆነ መሆን አለበት። የአልትራሶኒክ ማጠቢያ ካለ በእጅጉ ያግዛል፤ ሆኖም ጠርዙ ላይ በደንብ ያልያዘ ቅብ ሊላቀቅ ስለሚችል በአጭር ጊዜ መጀመርና መመርመር ይገባል። ክፍሉ ታጥቦ ከቅቡ መጠንከሪያ ሙቀት በእጅጉ ባነሰ ሙቀት ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ እንደገና ይመታል፣ ይነፋል፣ ይታጠባል። ሙቀትና ቅዝቃዜ የተፈራረቁበት ክፍል በመጀመሪያው እጥበት ያልሰጠውን በሁለተኛው ይሰጣል።

በጋራዦች የተለመደው የናፍጣ እጥበት ሁለት ጉድለት አለበት። ናፍጣ ቅባታም ንብርብር ትቶ ስለሚሄድ ቅንጣቱን ከገጹ ጋር ያቆራኘዋል። ከዚህም በላይ በአንድ ሳፋ ናፍጣ በርካታ ክፍሎች በየተራ ሲታጠቡ ሳፋው የቅንጣት መጋዘን ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ክፍል የወጣው በአራተኛው ላይ ያርፋል። በእጥበት ስም የሚፈጸም ማከፋፈል ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማይከፈት ክፍተት የቀረበት፣ ወይም ቅብ በውስጠኛ ገጹ ላይ ቅንጣት ቀብሮ የያዘ ክፍል ቢገኝ፣ ቅቡን ገፎ እንደገና መጀመር ወይም ክፍሉን መተው እንጂ ሦስተኛ መንገድ ያለ አይመስለኝም።

ዓይን ያላየውን ሚዛን ያነበዋል

ከላይ የተዘረዘረው አሠራር አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ይቀራል፤ መቼ ነው «በቃ» የሚባለው? ለዚህ ጥያቄ የመኪና ኢንዱስትሪው መልስ አዘጋጅቷል። አይኤስኦ 16232 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃና ቪዲኤ 19 የተባለው የጀርመን መመሪያ የሞተርና የሌሎች ክፍሎችን ንጽሕና የሚለኩት ከክፍሉ ታጥቦ የወጣውን ፈሳሽ በስስ ማጣሪያ አሳልፈው፣ በማጣሪያው ላይ የቀረውን በመመዘንና በመቁጠር ነው። እጥበቱ ይደጋገማል፤ የመጨረሻው እጥበት ያወጣው መጠን እስከዚያ ከወጣው ድምር 10 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን የማውጫ አሠራሩ በቂ ነው ይባላል።

ለአብነት ያህል፣ የመጀመሪያው እጥበት 60፣ ሁለተኛው 20፣ ሦስተኛው 8 ሚሊግራም አወጡ እንበል። ድምሩ 88 ነው፤ 8 ከ88 ደግሞ 9 በመቶ ገደማ ነው፤ መስፈርቱ ተሟልቷል። ሦስተኛው 15 ቢሆን ኖሮ ግን ከ95 ወደ 16 በመቶ ስለሚጠጋ ሥራው ገና ነው። ስሌቱ ለማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚከብድ አይደለም፤ የሚፈልገውም ጥሩ የላቦራቶሪ ሚዛን፣ ማጣሪያና ማድረቂያ ብቻ ነው።

መስፈርቱ ገደብ እንዳለው መዘንጋት አይገባም። የሚነግረን አሠራሩ ሊያወጣ የሚችለውን ማውጣቱን ነው፤ ከታሸገ ቆርቆሮ በስተኋላ ያለውን አያውቅም። ደግሞም 10 በመቶው ስለ እጥበቱ ብቃት እንጂ ሞተሩ ስለሚታገሠው ቅሪት አይናገርም፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ተቀባይነት ያለው መጠን ለብቻው ሊወሰን ይገባል። ለቅብ የተዘጋጀ የብረት ገጽን አቧራ በገላጭ ፕላስተር አንሥቶ የሚመረምረው አይኤስኦ 8502 ክፍል 3ም ለገጽ እንጂ ለቀዳዳ አልተዘጋጀም። አንዱን ፈተና በሌላው ምትክ ማቅረብ ላቦራቶሪን የማታለያ መሣሪያ ማድረግ ነው።

በሁለት ሙያዎች መካከል የሚወድቅ ኃላፊነት

ጉዳዩ በአገራችን የተለየ መልክ አለው። የዱቄት ቅብ ምድጃዎች በብዛት የሚያገለግሉት የበርና የመስኮት ክፈፍን፣ የቤትና የቢሮ ዕቃን ነው። ለእነዚህ ዕቃዎች በውስጣቸው የቀረ ጥቂት ቅንጣት ጉዳት አያመጣም፤ የወንበር እግር ዘይት አያመላልስም። የሞተር ክፍል ወደዚያው ምድጃ ሲላክ ቀቢው ሥራውን በራሱ ሙያ መለኪያ ይፈጽማል፤ ቀለሙ እኩል ነው፣ ይዞታል፣ አምሯል። መካኒኩ ደግሞ አምሮና በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የመጣለትን ክፍል የታጠበ አድርጎ ይቀበላል። ሁለቱም በየሙያቸው ያጠፉት ነገር የለም፤ ጥፋቱ የተፈጠረው በመካከላቸው ባለው ርቀት ነው። ዋጋውን የሚከፍለው በሞተሩ እንጀራውን የሚጋግረው ሾፌር ነው።

በሚገባ መታጠብ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፣ ደንበኛም አይታገሥም የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። ነገር ግን ሞተር በውጭ ምንዛሪ በሚገባበትና ከአንድ ጊዜ በላይ በሚታደስበት አገር፣ ከአንድ ተጨማሪ ቀን እጥበት ይልቅ ዘንግ ማስሞረድና ቅርፊት መለወጥ እንደሚከብድ ማስረዳት አያዳግትም። ሳንድብላስት ግዴታ አለመሆኑም ሊታሰብ ይገባል። ከማኒፎልድ ወይም መከላከያ ቆርቆሮው ከማይነሣ ክዳን ላይ አሮጌ ቀለምን በኬሚካልና በሙቅ እጥበት መግፈፍ ይቻላል፤ ውጤቱ ከሳንድብላስት ያነሰ ቢያምርም ሞተሩን አይገድልም።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በመካኒኩና በቀቢው መካከል አንድ ገጽ የርክክብ ወረቀት ይኑር፤ የተረጨው ቁስ ምን እንደነበረ፣ የትኞቹ ክፍተቶች እንደተከፈቱ፣ ከቅብ በፊት የመጨረሻው እጥበት ስንት ሚሊግራም እንዳወጣ ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪዎች ይህን ምዘና ለጋራዦች በአገልግሎት መልክ ይስጡ፤ ሚዛኑ አለ፣ ማጣሪያው ርካሽ ነው፣ ተማሪውም ልምድ ያገኝበታል። ሦስተኛ፣ በማምረቻና በቁሳቁስ ምሕንድስና ዘርፍ የዱቄት ቅብን የምናጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከቅቡ ውፍረት፣ ከመያዝ ኃይሉና ከዝገት ተከላካይነቱ ጎን ለጎን በክፍሉ ውስጥ የቀረውን የቁስ መጠን እንለካ። ተለክቶ በሠንጠረዥ ያልሰፈረ ነገር በጋራዡም በምድጃውም ዘንድ እንደሌለ ይቆጠራል።

የዱቄት ቅብ ጥሩ ቴክኖሎጂ ነው፤ ማሟሟያ አይፈልግም፣ ይጸናል፣ ያምራል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከቅቡ ጋር አይደለም። ክርክሩ ውበት የንጽሕና ማስረጃ ሆኖ መቅረቡን በመቃወም ነው። ወደ ምድጃው የሚገባ ማንኛውም የሞተር ክፍል አስቀድሞ በሚዛን ፊት ይቁም፤ ሚዛኑ ያላሳለፈውን ምድጃው አይቀበለው።